ሆድ ይናገራል ወይ? ቬንትሪሎክዊዝም የሚለው ቃል ከየት መጣ

[ምስል፦ አሻንጉሊት ጭን ላይ ተቀምጣ ታወራለች፤ የያዛት ሰው ከንፈር አይንቀሳቀስም]

ተራኪ፦ ይህ ጥበብ ቬንትሪሎክዊዝም ይባላል። ቃሉ ከላቲን ነው፤ «ቬንተር» ሆድ፣ «ሎኲ» መናገር። «በሆዴ አልኩ» እንደምንለው እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ድምፅ የለውም፣ ይኼኛው ደግሞ ያለ ድምፅ ምንም ነው።

ከላቲኑ በፊት ግሪኮች «ኤንጋስትሪሚቶስ» ይሉ ነበር፤ በሆድ ውስጥ ንግግር ያለው እንደማለት ነው። መንፈስ በሰው ሆድ አድሮ ይናገራል ብለው ያምኑ ነበርና። የአቴኑ ጠንቋይ ዩሪክሊስ በዚህ ስለታወቀ፣ የቴአትር ጸሐፊው አሪስቶፋነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ422 በቀረበ ኮሜዲው ውስጥ ያነሳዋል። ሳኦል በሌሊት የሄደባትን የዓይንዶር ሴትም የግሪኩ ሰባ ሊቃናት ትርጉም በዚሁ ቃል ይጠራታል። በ1772 እ.ኤ.አ. ላ ሻፔል የተባለ ፈረንሳዊ አባ ነገሩ የመንፈስ ሳይሆን በልምምድ የሚመጣ ችሎታ መሆኑን ጽፎ አሳተመ። እምነቱ ቀረ፣ ሆድ ግን ከስሙ አልወጣም።

[ምስል፦ አፍ በቅርበት]

ድምፁ የሚወጣው እንደማንኛውም ንግግር ከጉሮሮ ነው። ወደ አሻንጉሊቷ «አይወረወርም»ም፤ የምትንቀሳቀሰው የእሷ አፍ ስለሆነ ዓይናችን ጆሯችንን ያታልለዋል።

ጥርስዎን ገጠም፣ ከንፈርዎን ትንሽ ከፈት አድርገው «ለ፣ ነ፣ ተ፣ ከ፣ ሰ» ይበሉ። ቀላል ነው። አሁን «እማማ» ይበሉ። «እናና» ሆነ አይደል? መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ ከንፈር ካልገጠመ፣ ፈ ደግሞ የታች ከንፈር ጥርስ ካልነካ አይወጡም። መፍትሔው መተካት ነው፦ ለመ ነ፣ ለበ ደ፣ ለፐ ተ። «ቤት ግባ» ለማለት «ዴት ግዳ» ይላሉ። ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ በስሱ ይነካና ቶሎ ይለቃል፤ ጠበቅ ካለ ደ ራሱ ጎልቶ ይሰማል። በዝግታ ከተነገረ የአድማጭ ጆሮ በራሱ ያርመዋል፤ በጥድፊያ ግን ይጋለጣል።

ብዙ ጀማሪ የሚረሳው ካዕብና ሳብዕን ነው። «ኡ» እና «ኦ» ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ። ስለዚህ ከንፈሩን ትቶ ምላስን ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ቢደበዝዝም ያልፋል።

[ምስል፦ የአሻንጉሊቷ አፍ]

የአሻንጉሊቷን አፍ በፊደል ብዛት አይክፈቱ። «እንዴት» አራት ፊደል ነው፤ አፏ የሚከፈተው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ፦ እን፣ ዴት። አራቴ ከከፈቱት የምታኝክ ትመስላለች። እሷ ስታወራ ደግሞ ዓይንዎ እሷ ላይ ይሁን፤ ወደ ተመልካቹ ካዩ እሱም መልሶ የእርስዎን ከንፈር ያያል።