ጥር 20፣ ጥር 21

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የማሞቂያው ድምፅ ዛሬም አብሮን አለ። ከለመዳችሁት ቆይታችኋልና አላጠፋውም፤ ብርዱም አይቻልም።

ባለፈው ስለ እንግሊዞቹ ባንድ፣ ስለ ቢትልሶች የጣሪያ ኮንሰርት እንቀጥላለን ብዬ ነበር። ይቆየን። እሱ ጃንዋሪ 30 ነው። እኔ ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ያለው ቀን ላይ ቀርቻለሁ። ጃንዋሪ 28፣ 1985። አልለቀኝም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልለፈው። ሎስ አንጀለስ ነው፣ ሰኞ ማታ። የአሜሪካን ሚዩዚክ አዋርድስ ሽልማት አለ፣ መድረክ መሪው ላዮኔል ሪቺ ነው። ዝግጅቱ ሲያልቅ ዘፋኞቹ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ሆሊውድ፣ ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ገቡ። በረሃብ ለተጎዱት ገንዘብ የሚያሰባስብ ዘፈን ይሠራ የሚለውን ሃሳብ ያመጣው ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ነው። ዘፈኑን የደረሱት ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ፣ የሚመራው ኩዊንሲ ጆንስ። ኩዊንሲ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፏል፤ ኩራታችሁን እዚህ በር ላይ ጥላችሁ ግቡ ይላል። ሬይ ቻርልስ፣ ዳያና ሮስ፣ ቲና ተርነር፣ ስፕሪንግስቲን፣ ቦብ ዲላን... ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ። እስኪነጋ ቀረጹ። «ዊ አር ዘ ወርልድ» ተወለደ።

መቅረጽ ከመጀመራቸው በፊት አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ተናገረ። ከኢትዮጵያ ገና መመለሱ ነው። ያየውን ነገራቸው። እሱንም መጀመሪያ የቀሰቀሰው ኦክቶበር 1984 ላይ ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ነው። ያን ምስል ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። መሐመድ ደግሞ... በ1991 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። በ1996 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የእኛ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ከእኛ አገር ጋር እንዲህ የተሳሰረ ሰው። ስለ እሱ ሙሉ ክፍል መሥራት አለብኝ። ዛሬ ከጀመርኩት አልወጣም።

ወደዚያ ክፍል ልመለስ። ሌሊቱ ገፍቷል። ሁሉም ደክሟል። ስቲቪ ዎንደር ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ይዞ ገባ። የእሱ እንግዶች ናቸው። ሴቶቹ በአገራቸው ስም አመሰገኑ። ዘፋኞቹ አለቀሱ። ከዚያ ሴቶቹ ተሸኙ። ቀረጻው ቀጠለ።

በቃ። ስለዚያ ሌሊት የተጻፈ ነገር ሳነብ ይቺ ነገር ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ሌላ ሰው ያልፋታል። እኔ አላለፍኳትም።

እስቲ አስቡት። እነዚያን ሁለት ሴቶች ብቻ አስቧቸው። አሜሪካ ናቸው፣ አገራቸው ረሃብ ነው። ምናልባት ዘመድ አላቸው፣ ምናልባት ደብዳቤ እየጠበቁ ነው። በሌሊት ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ። ፊታቸው ማይክል ጃክሰን አለ፣ ሬይ ቻርልስ አለ። ሁሉም ወደ እነሱ ያያል። ምን ይባላል? ከየት ተጀምሮ ነው የሚነገረው? አመሰገኑ። ማመስገን ነው የቻሉት፣ ማመስገንም ይገባቸዋል። ግን ሲወጡስ? በሩ ሲዘጋና ዘፈኑ ከኋላቸው ሲቀጥል?

ለምን አልቆዩም እላለሁ። በዚያ የዝማሬ ክፍል ብዙዎቹ የቆሙት እኮ አብረው ለማዜም ብቻ ነው፤ የብቻ መስመር ያልደረሳቸው ብዙ ነበሩ። ሁለት ሰው ጫፍ ላይ ቢጨመር ምን ነበረበት? ደግሞ መልሼ እላለሁ፣ ዘፋኝ ላይሆኑ ይችላሉ እኮ። ማን ያውቃል፣ ቶሎ መውጣት ፈልገው ይሆናል። እኔ ብሆን ቶሎ እወጣ ነበር መሰለኝ። እንጃ።

ስቲቪን ግን አልወቅስም። በጭራሽ። በዚያው ሌሊት ዲላን መስመሩን መዝፈን አቅቶት ነበር። ያን ቪዲዮ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ዝማሬው መሃል ቆሞ ፊቱ ላይ ያለው ጭንቀት። ያ ሁሉ ዘፈን የጻፈ ሰው በድምፅ ባሕር መሃል ጠፍቶ። ስቲቪ ፒያኖው ጋ ተቀምጦ በዲላን በራሱ ድምፅ፣ በዲላን አዘፋፈን ዘፈነለት። ዲላን ያን ሰምቶ ነው የተቃናው። ሰው ምን እንደጎደለው የሚሰማ ጆሮ ነው ያለው። ያን ሁሉ ሰው ያሰባሰበው ረሃብ ባለቤቶች ክፍሉ ውስጥ እንደሌሉ የተሰማውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይዟቸው የመጣው እሱ ነውና።

እና ለእማዬ ደወልኩላት። ደሴ ነች፣ ታውቋታላችሁ፣ የዚህ ፖድካስት ግማሹ እሷ ነች። ጉዳዩን ከቀኑ ጀምሬ ነገርኳት። ጃንዋሪ 28 ማለት በእኛ ጥር 20 ነው፣ 1977 ዓ.ም.። እዚያ ሲመሽ ግን እኛ ጋ ነግቷል፣ ጥር 21 ሆኗል አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣

«አስተርዮ ማርያም ነዋ» አለች።

እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። እነሱ እዚያ ሌሊቱን ሲዘፍኑ ወሎ ውስጥ ቀን ነው፣ አስተርዮ ማርያም ነች። እማዬ ያኔ ልጅ ነበረች። ጥር 21 ሴት ልጅ ያላትን የምትለብስበት ቀን ነው አለችኝ። ጥር ደግሞ ሠርግ ነው። ከጥምቀት በኋላ መንደሩ በዳስ ይሞላል፣ ከበሮ ሌሊቱን አያርፍም፣ ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ነው። እሷ ዘፈን የተማረችው እዚያ ነው። «የዚያን ዓመት ሠርግ የለም፤ ማን ምን አብልቶ ይድራል? ከበሮ የሚመታ ጉልበትም አልነበረም» አለች። ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሄደ። የቀረውም ቀረ።

ከእሷ በኋላ ብዙ አልተናገርኩም። እኔ እኮ ስንት ጊዜዬ ነው ቀኑን በዘፋኝ ስም ሳስታውስ። ማን ምን ቀረጸ፣ ማን መቼ ሞተ። ያን ቀን የእናቴ መንደር ዘፈን አልነበረም። ይሄስ የሙዚቃ ታሪክ አይደለም? ነው መሰለኝ። የት ነው የሚጻፈው ግን? ያልተዘፈነ ዘፈን በምን ይቆጠራል...

ስለ ሁለቱ ሴቶች ስነግራት ግን እንደ እኔ አልከፋትም። «ምን ይበሉ ታዲያ? አመሰገኑ። ደግ አደረጉ» አለች። ስንዴውን አነሳች፣ ዘይቱን፣ ፋፋውን። የመጣውን በልተናል አለች። ዘፈኑ ማርች 7 ነው የወጣው፣ ገንዘቡም ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። የትኛው ጆንያ ከየትኛው ዘፈን መጣ ብሎ የቆጠረ ገበሬ የለም። ቀጥላ ደግሞ «የማን ልጆች ናቸው?» አለችኝ። ወሎዬዎች ይሆኑ እንደሆን ብላ ነው። መልስ አልነበረኝም። የሸክላው ሽፋን ላይ የዘፈኑት ሁሉ ተዘርዝረዋል፤ እነሱ የሉበትም። «አብሽር» አለችኝ፣ ድምፄ ተለውጦባት። እኔን ነው የምታጽናናው። እሷ፣ እኔን።

ደግሞ ያው እኔ ነኝ፣ ወዲያው ጥላሁን ገሠሠን ከፈትኩ፣ «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን። የእኛ ሰው ስለ ረሃብ ሲዘፍን ልቅሶውን ከውስጥ ነው የሚሰማው። ዓለም ነን፣ ልጆች ነን አይልም፤ የሚያለቅሰውን ሰው ድምፅ ያሰማሃል። አወዳድሬ ላሳንስ አይደለም። የሆሊውዱ ዘፈን ሥራው ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር፣ ሠራ። ስሰማው አሁንም ሬይ ቻርልስ ላይ ስደርስ አንጀቴን ይበላዋል። ሁለቱንም እወዳለሁ። አብረው ግን አልሰማቸውም፣ አልቻልኩም።

ኧረ አንድ ነገር፣ በዚያው 1985 ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ዋሽንግተን ነበር። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ። ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ የቀረው። አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀርጿል በዚያ ዓመት። ኋላ ታክሲ እየነዳ ኖረ፣ ፈረንጅ ያንን ካሴት እንደገና ያወጣው በ2013 ነው። ሌሊት ታክሲ ላይ ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ ይሄን ስለ እናንተም ብዬ ነው የማነሳው። ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ አሜሪካ ውስጥ ነበረ ማለቴ ነው። ነበሩ። አንድ ሰው ስልክ አንስቶ ቢደውል... እሱም ቢሆን ምን ይለወጥ ነበር? ዘፈኑ ሌላ ይሆን ነበር? የእማዬን ጥር አይመልሰው።

እማዬ ታላቅ እህቷ ያን ዓመት ከእሷ ይበልጥ እንደምታስታውስ ነግራኛለች፣ ደውልላት አለችኝ። እትዬ ደግሞ ያኔ ልትዳር ነበረ ይባላል። ጥር ላይ። ለማን እንደሆነ፣ ምን እንደቀረ ቤታችን ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። ልደውልላት ስልኩን አነሳሁና፣ ስለ ማይክል ጃክሰን ነው የምጀምርላት ወይስ... እንዴት ነው የሚጠየቀው ይሄ ነገር? እስቲ እናንተ ከቤታችሁ ጠይቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ...