አራቱ ብልቃጦች

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። መኪና የማይወድ ሰው ይቺን ክፍል ቢዘላት አልቀየመውም። የናፍጣ ፒክአፕ ያለው ግን ቁጭ ይበል። የማወራው ስለ ራሴ ጅልነት ነው፤ የሰው ጅልነት ደግሞ መስማት ደስ ይላል።

መደርደሪያዬ ላይ ዘጠኝ ጠርሙስ ነበር። ናፍጣ ውስጥ የሚጨመረው፣ አዲቲቭ የምንለው። አንዱ ኢንጀክተር፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ዕቃ፣ ያጸዳል ይላል፣ አንዱ ጉልበት ይጨምራል፣ ሌላው ጭስ ያጠፋል። አንደኛው ላይማ ሰባት ጥቅም ተዘርዝሯል። ሰባት! መድኃኒት ቤት ገብቼ ሰባት በሽታ የሚያድን ሽሮፕ ቢሰጡኝ ጥዬ ነበር የምወጣው። ለመኪናዬ ሲሆን ግን አመስግኜ ገዛሁ።

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ላይ ነው። ድሮ ቁልፉን ስጠመዝዝ አንዴ ክር ብሎ ይነሳ ነበር። አሁን ክር ክር ክር... አምስት ስድስት ሰከንድ። ከተነሳ በኋላ ያንኳኳል። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል፣ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይለቃል። ሲሞቅ ይተወዋል። እሱ ሲተወው እኔም ተውኩት።

ከዚያ አንድ ወዳጄ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አቀበለኝ። ታንኩን ሞልቼ ገለበጥኩበት። በማግስቱ ማንኳኳቱ ለዘብ አለ። የእውነት ለዘብ አለ፤ መስሎኝ አይደለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ለሁለት ሳምንት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ ጠርሙስ ስሰብክ ከረምኩ።

የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭርለት ካንዴላ የለውም። አየሩ ታምቆ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ግን በመረጨቱና በመቀጣጠሉ መካከል ትንሽ መዘግየት አለ። መዘግየቱ ከረዘመ ናፍጣው ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ያ ነው የሚያንኳኳው። ናፍጣው ቶሎ መቀጣጠል አለመቀጣጠሉ የሚለካው ሴቴን በሚባል ቁጥር ነው። የአውሮፓ ደረጃ ቢያንስ 51 ይጠይቃል፣ የአሜሪካው 40። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ይህን ቁጥር ከፍ የሚያደርግ ኬሚካል አለ፤ ኤቲልሄክሲል ናይትሬት ይባላል። መዘግየቱን ያሳጥራል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። የታመመ ኢንጀክተር ቢኖር እንኳ ድምፁ ይለሰልሳል። እንግዲህ እኔ ያደረግኩት የሚያለቅስ ልጅ አፍ ላይ ጡጦ መሰካት ነበር። ልጁ ትኩሳት ይኑረው አይኑረው ማን አየ?

የሚገርመው፣ ክር ክሩ አልቀረም። ማስነሳቱ ያው አምስት ስድስት ሰከንድ ነው። ባትሪው ነው ብዬ ደመደምኩ። ባትሪ ቀየርኩ። አዲስ ባትሪ፣ ያው ስድስት ሰከንድ። ከዚያ ሌላ ጠርሙስ። ከዚያ አንዱ "የካምቢዮ ዘይት ጠብ አርግበት፣ አሮጌዎቹ ሾፌሮች እንዲህ ነበር የሚያደርጉት" አለኝ። ይሄን እንኳ አላደረግኩትም። እሺ፣ አንዴ አድርጌዋለሁ።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ በኋላ አስቤበታለሁ። ጠርሙስ መገልበጥ አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ አንድ ነገር የሠራህ ይመስልሃል። ጋራዥ መሄድ ግን ውጤት መስማት አለው። ላቦራቶሪ መሄድ የሚፈራ ሰው ዝንጅብል በማር እንደሚያበዛው ማለት ነው።

በመጨረሻ የሄድኩት አንድ ቀን ጨርሶ አልነሳ ሲል ነው። በሰው እርዳታ ተጎትቼ። መካኒኩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም አላወራም። ከአራቱ ኢንጀክተሮች አናት ላይ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ነቀለ። በምትካቸው ግልጽ ቱቦዎች ሰካና እያንዳንዱን አንድ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከተተ። አራት ብልቃጥ በተርታ። እንደምንም ብሎ ሞተሩን አስነሳና ሚኒሞ ላይ ተወው።

ቆመን አየን። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጠብ ጠብ እያሉ ከታች ጣት የማይሞላ ያዙ። ሦስተኛው ይወርዳል። እኔ እያየሁት ሞላ።

"ይኸው" አለ፣ በመፍቻው እየጠቆመ። ሌላ ነገር አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬዎቹ ናፍጣዎች ኮመን ሬይል የሚባል ሲስተም ነው ያላቸው። ፓምፑ ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያምቀዋል፤ ግፊቱ እንደ ሞተሩ ከ1,600 እስከ 2,500 ባር ይደርሳል። የጎማችሁ ንፋስ ሁለት ሦስት ባር እንደሆነ አስቡት። ኢንጀክተሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቫልቭ መቀመጫዋ ሲበላ፣ ናፍጣው መረጨቱን ትቶ በመመለሻው ይፈሳል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ኮምፒውተሩ ግፊቱ በቂ ደረጃ ካልደረሰ መርጨት አይጀምርም፤ በብዙዎቹ 200 ባር ገደማ ነው። አንዱ ኢንጀክተር እያፈሰሰ ግፊቱ ከየት ይምጣ? የእኔ ስድስት ሰከንድ ይሄ ነበር። ባትሪውን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

"ጥሩ አዲቲቭ ባደርግበትስ?" አልኩ። አላፍርም እኮ።

ሳቀ። "አንተ ልጅ፣ ቆሻሻ ይታጠባል። የተበላ ብረት በምን ይታጠባል?"

ከዚያ የናፍጣ ፊልትሮውን ፈታና በውስጡ የነበረውን ግልጽ ማሰሮ ውስጥ ገለበጠው። ትንሽ ጠብቅ አለኝ። ናፍጣው ላይ ቀረ፤ ከስር ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ተለየ፣ መሃላቸው ላይ ጥቁር ስስ ዝቃጭ። የውሃ ምልክቷ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ሰሞን በርታ ነበር። በኋላ ጠፋች። እኔ ራሷን ፈወሰች ብዬ ነበር።

እነዚህ ኢንጀክተሮች ውስጥ የሚንሸራተቱት ብረቶች ክፍተታቸው ሁለት ሦስት ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። እዚያ መሃል የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይዝጋል።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ውሃን በተመለከተ ጠርሙሶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ውሃውን ከናፍጣው ለይቶ ወደ ታች ይጥለዋል፤ ፊልትሮው ስር ይጠራቀማል፣ ታፈሰዋለህ። ሌላው ውሃውን አድቅቆ ናፍጣው ውስጥ ይበትነዋል። የተበተነው ውሃ ፊልትሮውን አልፎ በቀጥታ ወደ ኢንጀክተር። ቤት ገብቼ ጠርሙሶቼን አንድ በአንድ አነበብኩ። ሦስቱ የሚበትኑት ናቸው። በደቃቃ ፊደል ተጽፏል፣ አልዋሹኝም።

አሁን አዲቲቭ ሁሉ ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። የኢንጀክተር አፍ ላይ ስድስት እስከ ስምንት ቀዳዳ አለ፤ ስፋታቸው ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ ብዙም አይበልጥም። እዚያ ላይ ጥቀርሻ ይጋገራል፣ ጥሩ ማጽጃ ደግሞ ያነሳዋል። ሌላም አለ። ሰልፈሩ የወጣለት ናፍጣ፣ በአሜሪካ እስከ 15፣ በአውሮፓ እስከ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ሰልፈር የሚፈቀድለት፣ ሰልፈሩን የሚያወጣው ሂደት የተፈጥሮ ማለስለሻውንም ይዞበት ይሄዳል። ስለዚህ የናፍጣው አምራቾች ራሳቸው ማለስለሻ ይጨምሩበታል። ፈተናው ደስ ይለኛል፦ 60 ዲግሪ በሞቀ ናፍጣ ውስጥ አንዲት የብረት ኳስ ብረት ላይ ለ75 ደቂቃ ትታሻለች፤ የተፋቀባት ጠባሳ በአውሮፓ ደረጃ ከ460 ማይክሮን መብለጥ የለበትም። ቀላል፣ ግልጽ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የራሴን ጠባሳ ሳልለካ ነው መድኃኒት የምቀባው።

አዲሱ ኢንጀክተር ሲገባ አናቱ ላይ የተጻፈ ኮድ አለ። መካኒኩ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ፊደልና ቁጥሩን እያነበበ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባ። እያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚረጨው በጥቂቱ ይለያያል፤ ኮዱ ለኮምፒውተሩ ይህን ይነግረዋል። ይህ ከተዘለለ አዲስ ዕቃ አስገብታችሁም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከስሩ ያለችውን የመዳብ ቀለበትም ቀየራት። አሮጌዋን አትመልሱ፣ ጭስ ታሳልፋለች።

ስምንቱን ጠርሙስ ጣልኩ። አንዱ ቀርቷል፤ ማጽጃ ነው፣ ውሃ የማይበትን። አልፎ አልፎ በልኩ አደርጋለሁ፣ ክዳኑ ላይ ባለው መስመር። አሮጌው ኢንጀክተር አጠገቡ ተቀምጧል።

ባለፈው ቅዳሜ ከመኪናው ስር ተንበርክኬ የፊልትሮውን ማፍሰሻ ፈታሁና በብርጭቆ ተቀበልኩ። ጠበቅኩ። ከስር አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠብታ ተንከባለለች። ለሚስቴ ጠርቼ አሳየኋት። "ለዚህ ነው የጠራኸኝ?" አለችና ገባች።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።