ዋኝቶ ስለሄደ ተረፈ ማለት አይደለም፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የኮሎራዶ ዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን አባላት፣ ቤተሰቦችና እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከንጋት ጀምሮ ማጀት ውስጥ ደፋ ቀና ለምትሉት ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። የሥራ ዘገባው በወረቀት ታድሏችኋል፤ ልጆቹ ፍላይ፣ ማለትም ዓሣ የሚያታልል ነፍሳት መሳይ መንጠቆ፣ ማሰር ተምረዋል፣ የክሊር ክሪክ ወንዝ ዳርቻ ተጠርጓል። ጥሩ ነው። እሱን እዚሁ ልተወውና ዓመቱን ሙሉ ወዳጨቃጨቀን ጉዳይ ልግባ።

ውኃው ከ68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ20 ሴልሺየስ ካለፈ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አናጠምድም ብለን ባለፈው ጉባኤ እጅ አውጥተን ወስነናል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ግን ያንኑ እጅ ያወጡ ሰዎች ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤር ክሪክ ውስጥ ቆመው ታዩ። ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነው፦ «የያዝነውን ዓሣ ለቀቅነው እኮ፣ ዋኝቶ ሄደ።»

መሄዱንማ ይሄዳል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የዓሣው ፍላጎት ደግሞ በዚያው ልክ ይጨምራል። መንጠቆ ላይ ሲታገል የደከመ ትራውት በቀዝቃዛ ውኃ ያገግማል፤ በሞቀ ውኃ ግን ከሰዓታት በኋላ ድንጋይ ሥር ገብቶ ሊሞት ይችላል። እኛ ያኔ መኪናችን ውስጥ ነን።

አገር ቤት ሐምሌ ወንዝ የሚሞላበት ወር ስለሆነ ይመስለኛል ነገሩ ያልገባን። ኮሎራዶ ውስጥ በረዶው ቀልጦ ወንዙ የሚሞላው በሜይ መጨረሻና በጁን ነው፤ ከዚያ በኋላ እየጎደለና እየሞቀ ይሄዳል። «ማታ ሲቀዘቅዝ እንሄዳለን» የምትሉም አላችሁ። አየሩ ይቀዘቅዛል እንጂ ውኃው ሙቀቱን ይዞ ያመሻል፤ ጭራሽ የሚብስበት ሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ነው። ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ከስድስት ሰዓት በፊት ዘንግ መጠቅለል ነው መፍትሔው። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው መብረቅም አለ፤ የካርቦን ዘንግ ይዞ ሜዳ ላይ መቆም ደግሞ ሌላ እብደት ነው።

አለካኩም ላይ ችግር አለ። ዳር ላይ ያለውን ጥልቀት የሌለው ውኃ ለክቶ 72 ነው ብሎ የሚያስፈራራንም፣ ቴርሞሜትሩን አውጥቶ ነፋስ ላይ እያነበበ 60 ነው የሚለንም አለ። ጥላ ያለበት፣ የሚፈስ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውኃ ምረጡ፤ ሁለት ደቂቃ አቆዩት፤ ከውኃው ሳታወጡ አንብቡ። 65 ካለ ተጠንቀቁ፣ 68 ካለ ቁሙ።

በቀጭን ክር ዓሣ አታለልኩ ብላችሁ 6ኤክስ (ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል) የምታስሩ ደግሞ ትግሉን እያራዘማችሁት ነው። ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ደረቅ ፍላይ 4ኤክስ ወይም 5ኤክስ ይበቃል። በትንንሽ ጅረቶች ላይ 12 ቁጥር ፌንጣ መሳይ ፍላይ፣ ከሥሩ በ18 ኢንች ክር 16 ቁጥር ፌዛንት ቴይል የተባለ የሚሰምጥ ፍላይ ሥራውን ይሠራል። የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ እጃችሁን አርጥቡ፣ ዓሣውን ውኃ ውስጥ እንዳለ ፍቱት። ለፎቶ ብሎ ማንሳት ይቅር።

ፍልሰታ የሚገባው ልክ ውኃው በሚሞቅበት ሰሞን ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወውና፣ ለድስት የያዘ ሰው በብዙው የግዛቱ ውኃ በቀን አራት ትራውት ይዞ ያቆማል። ሃያ ይዞ ሃያ እየለቀቀ «እኔ አልገደልኩም» ከሚለው እሱ ይሻለኛል።

ቤት ተቀመጡ አላልንም። ከቺዝማን ግድብ ሥር የሚወጣው የሳውዝ ፕላት ወንዝ ከግድቡ ታች ስለሚለቀቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ከፍ ያሉት የተራራ ሐይቆችም አሉ። ከሰዓት በኋላ እጁን የሚያሳክከው ካለ ደግሞ ዴንቨር መሃል በዚሁ ወንዝ ውስጥ ካርፕ የተባለ ዓሣ ሞልቷል፣ ቼሪ ክሪክ ሐይቅ ውስጥም ባስ የተባለ ዓሣ አለ። ካርፕ ሙቀት ይችላል፣ ክርንም ይበጥሳል። የሚንቁት ሰዎች ሞክረውት አያውቁም።

ወደ ገንዘቡ። የጠፉትንና የተሰበሩትን ቴርሞሜትሮች መተካት አልቻልንም፤ መዋጮ ያልከፈለው ከከፈለው ይበልጣልና። ጠዋት ለክቶ በቴሌግራም የሚያሳውቅ ተረኛም በሐምሌ አጋማሽ ጠፋ። ውሳኔው ላይ አጥብቀው የተከራከሩት ወንድሞች ዛሬ እዚህ የሉም፤ ቅሬታቸው ግን በየስልኩ ይደርሰኛል። የዚህን ንግግር ቪዲዮ እንደምታዩት አውቃለሁ። ወንድሞቼ፣ ደንቡ አይረባም ካላችሁ ኑና በድምፅ ሻሩት፤ ካልሆነም እንደማንኛውም ሰው አክብሩት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቴርሞሜትር ይዞ መውጣት ያንን ሁሉ የስልክ ሰዓት አይፈጅም።

የቀረበው ማሻሻያ ይህ ነው፦ ተረኛው 68 ብሎ ካሳወቀ በኋላ ትራውት ሲያጠምድ የተገኘ አባል የዚያን ሰመር የጋራ ጉዞ ያጣል። ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በፊት ነው፤ ከምሳ በኋላ ማን እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን። የተረኞች መዝገብ በሩ ላይ አለ፤ የነሐሴ ቅዳሜዎች እስካሁን ባዶ ናቸው። ገንዘብ ያዣችን፣ መድረኩ የአንቺ ነው።