ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የሌሊቱን ሰማይ በስልክ ማንሳት

[ምስል፦ ጨለማ። የፌንጣ ድምፅ ይሰማል። ከዋክብት ቀስ በቀስ ይወጣሉ።]

የሰማይ ፍቅር የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛውን ቴሌስኮፕ ልግዛ?" ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው ጠይቄ ነበር። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ለጊዜው ምንም አትግዛ" እላለሁ።

የርካሽ ቴሌስኮፕ ዋናው ችግር መስታወቱ ሳይሆን መቆሚያው ነው። ጨረቃን 50 ጊዜ ሲያጎላ የመቆሚያውንም መንቀጥቀጥ 50 ጊዜ ያጎላዋል። አገኘኋት ስትሉ ታመልጣችኋለች። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከኢትዮጵያ የሚታየው ሰማይ ለጀማሪ የታደለ ሰማይ ነው።

[ምስል፦ የምድር ሉል፤ አዲስ አበባ ላይ ነጥብ]

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይቆማል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ስትጨብጡ፣ የጡጫችሁ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦ ሥር የምትኖሩ ተራራው ሊጋርድባችሁ ይችላል። ፊታችሁን ወደ ደቡብ ስታዞሩ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ሌሊቶች የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ታገኛላችሁ። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ወገኖች እነዚህን ከዋክብት ከቤታችሁ ማየት አትችሉም። ለእረፍት ስትመጡ አንድ ሌሊት መድቡላቸው።

[ምስል፦ ግማሽ ጨረቃ በስልክ ስክሪን ላይ]

በጨረቃ ጀምሩ። ጨረቃ ከተማ መብራት መሃልም ትታያለች። ሙሉ ስትሆን ግን አታንሷት። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የላትም፤ ፎቶው ላይ ነጭ ሳህን ትመስላለች። ከተወለደች በሰባተኛው ቀን ገደማ፣ ግማሽ ስትሆን ጠብቋት። ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ የጉድጓዶቹና የተራሮቹ ጥላ ረዝሞ ይታያል።

ስልካችሁ ጨረቃን አንጽቶ ካበላሸው፣ ስክሪኑ ላይ ጨረቃዋን ንኩና ብርሃኑን ወደታች ጎትቱት። ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ መነጽር) ከተገኘ ስልኩን ማያው ላይ ደግፋችሁ አንሱ። 10 በ50 የሚባለው ጥሩ ነው፤ 10 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። በሱ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸውን የጁፒተር አራት ጨረቃዎች ማየት ይቻላል። ክርናችሁን አጥር ላይ አስደግፉ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ባይኖኩላርን በፍጹም ወደ ፀሐይ እንዳታዞሩ፤ ዓይን ያጠፋል።

[ምስል፦ ገጠር፣ የዛፍ ጥላ፣ ከበላዩ ፍኖተ ሐሊብ]

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ሰማዩን አቋርጦ የሚያልፈው የጋላክሲያችን ነጭ የብርሃን መስመር። የጋላክሲያችን ደማቁ መሃል ሲመሽ ጎልቶ የሚታየው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ያኔ እኛ ክረምት ላይ ነን፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኗል። ብዙ የውጭ መመሪያ "በሐምሌ ውጡ" የሚለው ለኛ የማይሠራው ለዚህ ነው። የኛ መፍትሔ ማልዶ መነሳት ነው። በመጋቢት፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመልከቱ።

ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ። ጨረቃ ከ29 ቀን ተኩል በኋላ ተመልሳ ትወለዳለች። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር፣ የጨረቃን ወር አንዴ 29፣ አንዴ 30 እያሉ የሚቆጥሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ አፕ ቀኑንም አቅጣጫውንም ያሳያችኋል።

ከከተማ ራቁ፤ ዘመድ ያለበት ገጠር ይሻላል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ለአካባቢው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ። ጋቢ ያዙ። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩን እስክትጠቀሙበት ድረስ ጉያችሁ ውስጥ አቆዩት። ከደረሳችሁ በኋላ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ወይም 30 ደቂቃ ታገሱ። በዚህ መሃል አንዴ ነጭ መብራት ካያችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።

[ምስል፦ የስልክ ካሜራ፣ ፕሮ ሞድ]

ስልኩን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ አድርጉ። ከሌለ ድንጋይ ላይ አስደግፉት። ካሜራውን በእጅ የምታስተካክሉበትን ፕሮ ሞድ ክፈቱ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600 ወይም 3200፣ ሹተር (ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) 15 ሰከንድ። ከ20 ሰከንድ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብነታቸው ይቀርና ይሰመራሉ። ፎከሱን በእጅ ወደ ተራራው ምልክት፣ ማለትም ወደ ሩቁ፣ ውሰዱት። ታይመሩን 3 ሰከንድ አድርጉ፤ ጣታችሁ ስልኩን ሲነካ እንዳይነቀንቀው።

የመጀመሪያው ፎቶ ጥራጥሬ የተበተነበት ይመስላል። አትደንግጡ። ስልኩን ሳታነቃንቁ 16 ፎቶ በተከታታይ አንሱ። ያ ጥራጥሬ በየፎቶው ቦታውን ይቀያይራል፤ ኮከቡ ግን ያው ኮከብ ነው። ሲሪል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፎቶዎቹን በከዋክብቱ አሰልፎ ሲደራርባቸው፣ ጥራጥሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። በዓይን እንደ ስስ ጭስ ያያችሁት ነገር፣ በመሃሉ ጥቁር የአቧራ ደመና ይዞ ብቅ ይላል።

[ምስል፦ መጀመሪያ አንዱ ፎቶ፣ ቀጥሎ የ16ቱ ድርብ]

ግራ ያለው 15 ሰከንድ ነው። ቀኝ ያለው የ4 ደቂቃ ብርሃን ነው። ሰማዩም ስልኩም አንድ ናቸው።