የመጀመሪያዋ ትልቅ ጠብታ ከየት መጣች?

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሞቃት ደመናን እድገት በኮምፒውተር ሞዴል ማጥናት የሚል ነው። ሞቃት ደመና ስንል ሲነኩት የሚሞቅ ማለታችን ሳይሆን፣ ከሥሩ እስከ አናቱ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነና ፈሳሽ ጠብታዎችን ብቻ የያዘ ደመና ማለታችን ነው። በረዶ የሚባል ነገር ስለሌለበት ቀላል ይመስላል። ሆኖም በዚህ ደመና ውስጥ ዝናብ እንዴት ያን ያህል ፈጥኖ እንደሚፈጠር ዛሬም ያከራክራል።

አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው የውሃ ተን ከሙሌት፣ ማለትም አየሩ ሊይዘው ከሚችለው ልክ፣ በጥቂቱ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ1 በመቶ በማይበልጥ መጠን፣ ሲያልፍ እንደ ባሕር ጨው ባሉ ጥቃቅን ብናኞች ላይ እየሰፈረ ጠብታ ይሆናል። እስቲ ከእነዚህ አንዷን ጠብታ ቀረብ ብለን እንያት። ሬዲየሷ 10 ማይክሮሜትር ለመድረስ 2 ደቂቃ ፈጀባት እንበል። የሙሌቱ ትርፍ ካልተለወጠ፣ በጊዜው ልክ የሚያድገው የሬዲየሷ ስኩዌር እንጂ ሬዲየሷ ራሱ አይደለም። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ለመድረስ፣ ማለትም ሬዲየሷ 100 እጥፍ እንዲሆን፣ 10,000 እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ይህም 20,000 ደቂቃ፣ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከሞቃት ደመና የሚወርድ ዝናብ ግን አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም።

ቀሪውን ሥራ የሚሠራው ግጭት ነው። ትልቋ ጠብታ ከትንንሾቹ ፈጥና ስለምትወርድ በመንገዷ ያገኘቻቸውን እየዋጠች ታድጋለች። ይሁን እንጂ ጠብታዎቹ በጣም ትንንሽ ሲሆኑ በዙሪያቸው ያለው አየር ገፋ ያደርጋቸውና ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፤ ግጭቱ ውጤት የሚያመጣው ሬዲየሳቸው 20 ማይክሮሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ይባስ ብሎ በተን ብቻ ሲያድጉ ትንሿ ከትልቋ ይበልጥ በእድገት ስለምትፈጥን ሁሉም ወደ እኩልነት ያዘነብላሉ፤ እኩያሞች ደግሞ በእኩል ፍጥነት ስለሚወርዱ እምብዛም አይገናኙም። ታዲያ የመጀመሪያዋ ትልቅ ጠብታ ከየት መጣች? ግዙፍ የጨው ብናኝ ላይ የተፈጠረች፣ የአየሩ ነውጥ ደጋግሞ ከሌሎች ጋር ያላተማት፣ ወይም በቀላሉ ዕድል የቀናት ልትሆን ትችላለች። ዕድልን በሳይንስ ስብሰባ ላይ ማንሳቴን እንዳትታዘቡኝ፤ አንዲት የ1 ሚሊ ሜትር ጠብታ የአንድ ሚሊዮን የ10 ማይክሮሜትር ጠብታዎችን ውሃ ስለምትይዝ፣ ከሚሊዮን አንዷ ዕድለኛ ብትሆን ይበቃል።

ሞዴል የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 100 ጠብታ ቢኖር፣ በአንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ደመና ውስጥ የሚገኙት ጠብታዎች ቁጥር 1 ብለን 17 ዜሮ የምናስከትልበት ነው፤ እያንዳንዷን መከታተል የሚችል ኮምፒውተር የለም። አሜሪካዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ኤድዊን ኬስለር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው መንገድ ውሃውን የደመናና የዝናብ ብሎ በሁለት ይከፍላል፤ የደመናው ውሃ ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ ወደ ዝናብ መለወጥ ይጀምራል። ፈጣንና ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዋን ጠብታ ጥያቄ ይዘለዋል። ሁለተኛው መንገድ ጠብታዎችን በመጠናቸው በተደረደሩ መደቦች ይመድባል። ሦስተኛው፣ ተመራማሪው ሺማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት የሱፐር ድሮፕሌት ዘዴ፣ አንዲት ወካይ ጠብታ ለብዙ ሚሊዮን ተመሳሳዮቿ እንድትቆም አድርጎ ከአየሩ ጋር ያንሳፍፋታል።

በጀማሪነቴ ዘመን በመደብ ዘዴ ባሠራሁት ደመና ዝናቡ ፈጥኖ መጣልኝ፤ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም። የመደቦቹን ቁጥር እጥፍ ሳደርግ ግን ዝናቡ ዘገየ፤ እንደገና ስጨምር ይበልጥ ዘገየ። ለካ ጠብታዎች ከመደብ ወደ መደብ በተሸጋገሩ ቁጥር ስሌቱ ጥቂቶቹን ከሚገባቸው በላይ ወደ ትልቁ መደብ እያሾለካቸው ኖሯል። ትልልቆቹ ጠብታዎቼ የተወለዱት ከደመናው ሳይሆን ከሒሳቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ዝናብ ያዘነበ ሞዴል ሲያሳየኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው መደቦቹ ቢጨመሩ ወይም ሞዴሉ አየሩን የሚከፍልባቸው ሣጥኖች በመጠን ቢያንሱ ምን እንደሚሆን ነው። የሱፐር ድሮፕሌት ዘዴን የምመርጠውም ይህ ዓይነቱ መሹለክ ስለሌለበት ነው፤ ወካዮቹ በቁጥር ሲያንሱ ዝናቡ ከሙከራ ሙከራ መዋዠቁ ግን የራሱ ጣጣ አለው።

ይህ የጀማሪ ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2004 መጨረሻ እስከ 2005 መጀመሪያ ሪኮ በተባለው የመስክ ጥናት፣ በካሪቢያን ባሕር በአንቲጓና ባርቡዳ አካባቢ፣ አውሮፕላኖችና ራዳሮች የእነዚህን ደመናዎች ጠብታና ዝናብ ለክተዋል። በዚያ መረጃ ላይ ተመሥርተው 12 ሞዴሎች አንድ ዓይነት አየር ተሰጥቷቸው ሲወዳደሩ፣ የሰጡት የዝናብ መጠን በእጅጉ ተለያየ። እኔ ይህን ልዩነት እንደ ውድቀት አላየውም። ሆኖም ዝናቡ ከልኬቱ ጋር የገጠመለት ሞዴል ሁሉ የመጀመሪያዋን ጠብታ በትክክለኛው መንገድ ፈጥሯል ማለት አይቻልም፤ ሁለት ስሕተቶች እርስ በርስ ተጣፍተው ትክክለኛ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉና። ስለዚህ የእኛ ቡድን ቀጣይ ሥራ የወረደውን ዝናብ ማነጻጸር ብቻ ሳይሆን፣ በሞዴሉ ውስጥ 20 ማይክሮሜትርን ቀድመው ያለፉትን ጠብታዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየተከተሉ፣ በየትኛው ብናኝ ላይ እንደተፈጠሩና በየት በኩል እንዳለፉ መመዝገብ ይሆናል።

ስለ ሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።