ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያና የቆዳ ቀለም

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤

ስለ ዘርና ስለ ቆዳ ቀለም ሲነሳ ወሬው ብዙውን ጊዜ ስለ ሰዎች አመለካከት ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን ጣት ላይ ስለሚሰካ አንድ ትንሽ መሣሪያና የኩላሊትን አሠራር ስለሚገምትና በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ስለሚታተም አንድ ቁጥር ነው። ሁለቱም ማንንም አይጠሉም። ሆኖም አንዱ ቆዳን ማየት ሲገባው ዘነጋው፤ ሌላው ዘርን መጠየቅ ሳይገባው ጠየቀ።

ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል፤ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ይገምታል። ለዚህም በጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ያሳልፋል፦ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይና 940 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ኢንፍራሬድ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሳይዝ ሲቀር ቀዩን አብዝቶ ይውጣል፤ የያዘው ደግሞ ኢንፍራሬዱን። መሣሪያው ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብርሃን ብቻ ነጥሎ ስለሚያሰላ፣ የቆዳው ቀለም ከሂሳቡ ይወጣል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሙሉ በሙሉ ግን አይወጣም።

ብልሽቱ የሚብሰው ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው። የሁለቱ ብርሃን ውድር ወደ መቶኛ የሚለወጠው አስቀድሞ በተሠራ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡን ለመሥራት ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር እየተነፈሱ ደማቸው ይለካል። እነዚያ ፈቃደኞች እነማን ናቸው? በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መመሪያ የሚጠይቀው ቢያንስ 10 ሰው ነበር፤ ከእነሱም 2 ሰው ወይም 15 በመቶው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው፣ ቆዳው የጠቆረ እንዲሆን። ሁለት ሰው! በ2025 መጀመሪያ የወጣው ረቂቅ ቁጥሩን ወደ 150 ከፍ አድርጎታል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. በመተንፈሻ ማሽን በሚረዱ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት፣ በደም ውስጥ በቂ ኦክስጅን መኖሩን ለማረጋገጥ ለነጮች የመሣሪያው ንባብ 92 በመቶ መሆኑ የሚበቃ ሆኖ ሳለ ለጥቁሮች 95 እንደሚያስፈልግ አሳይቶ ነበር። ሰሚ ሳያገኝ 30 ዓመት አለፈ። በ2020 እንደገና ሲታይ፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ካነበበባቸው ልኬቶች መካከል የደም ቅዳ ምርመራው ከ88 በታች የሆነው ለጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ፣ ለነጮች 3.6 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ራሱ የተጠቀመው ሕሙማኑ የነገሩትን ዘር ነው፤ የቆዳቸውን ቀለም አልለካም። “ጥቁር” በሚለው አንድ ቃል ሥር ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለ ደግሞ ለእናንተ አይነገርም።

እንግዲህ በሥራ ላይ ምን ይደረግ? ጣቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ይሙቅ፣ የጥፍር ቀለም ይነሳ፣ እጁ አይንቀሳቀስ፤ የምቱ ሞገድ ሳይረጋ ቁጥሩን አትጻፉ። ከአንድ ንባብ ይልቅ ለውጡን ተከታተሉ፦ ጠዋት 97 የነበረ ሰው ማታ 93 ከሆነ፣ 93 “ደህና” አይባልም። ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁኔታውና ቁጥሩ ካልተስማሙ ከደም ቅዳ ደም ይወሰድ፤ ይህ በማይገኝበት ቦታ በሽተኛውን እመኑ እንጂ መሣሪያውን አትመኑ።

ዓይናችንም ቢሆን የሠለጠነው አብዛኛውን ጊዜ በነጣ ቆዳ ሥዕሎች ነው። በኦክስጅን እጥረት የሚመጣውን ወደ ሰማያዊ መለወጥ በጠይም ወይም በጥቁር ሰው ላይ ከፊት ቆዳ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ምላስን፣ ድድን፣ የከንፈርን ውስጥና የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ በቀን ብርሃን ተመልከቱ። የአልጋ ቁስል ሲጀምር “ቀይ ሆኗል” የሚለው ምልክት ላይታይ ይችላል። በእጃችሁ ዳስሱ፦ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠንክሯል? ያማል? ሰውነት ቢጫ ሲሆንም ከዓይን ነጩ ክፍል በተጨማሪ ላንቃ ይታይ፤ የዓይን ነጭ በተፈጥሮው ቡናማ ጥላ ያለበት ሰው አለና።

የኩላሊቱ ነገር ተቃራኒ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩላሊት አሠራር መገመቻ ቀመር፣ ኩላሊት ከደም ከሚያስወግደው ቆሻሻ ከክሪያቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ሌላ፣ ሰውየው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። በማባዣው ምክንያት፣ ያለሱ 18 የሚሆነው ሰው 21 ገደማ ይሆናል። በአሜሪካ ለንቅለ ተከላ ተራ የሚያዘው ደግሞ ከ20 ጀምሮ ወደ ታች ነው። በዚህች የሦስት ነጥብ ልዩነት ያ ሰው ተራውን ሳይዝ ይቀራል። ከአንድ ጥቁርና ከአንድ ነጭ የተወለደውስ በየትኛው ይሰላ? ቀመሩ መልስ አልነበረውም። በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ወጣ፤ በአሜሪካም በማባዣው ምክንያት ተራቸው የዘገየባቸው ጥቁር ሕሙማን የጥበቃ ጊዜያቸው፣ ማባዣው ባይኖር ኖሮ ተራ ከሚይዙበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር ከ2023 ወዲህ ተደረገ።

ላቦራቶሪያችሁ የትኛውን ዓመት ቀመር እንደሚጠቀም ነገ ጠይቁ። በፋይል ውስጥ ያለ አሮጌ ውጤት በማባዣው ተሰልቶ ከሆነ፣ ክሪያቲኒኑና የያኔው ዕድሜ እስከተመዘገቡ ድረስ በአዲሱ ቀመር እንደገና ማስላት ይቻላል። የድሮውን ከአዲሱ ጋር ሳታስተካክሉ አታወዳድሩ፤ ኩላሊቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ብቻ የወረደ ሊሆን ይችላል።

አመሰግናለሁ።