ቤታችን ያልቃል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አዳራሽ የመጣችሁም፣ ከዋሽንግተንና ከዱባይ በስልክ የገባችሁም፣ በቤት ገዢዎቹ ኮሚቴ ስም አመሰግናለሁ።

ትናንት ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ከሪል ስቴት ድርጅቱ የገዛነው አፓርታማ የሚሠራበት ሳይታችን ሄጄ ነበር። መዋኛ ገንዳ ይሆናል የተባለው ጉድጓድ የክረምቱን ውኃ አቁሮ እንቁራሪት ይንጫጫበታል። ሎቢ በተባለው ቦታ ዳር ዘበኛው ጋሼ ጎመን ዘርተዋል። አንድ እስር ቆርጠው ሰጡኝ። ከዚህ ሕንፃ እስካሁን የተረከብኩት እሱን ብቻ ነው።

14 ፎቅ ነበር የተባልነው። የቆመው 11ኛው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ፌሮው እንደቆመ ዝጓል።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ያልቃል ወይ? እኔ ያልቃል ባይ ነኝ። ብሮሹሩ ላይ ያየነው ሕንፃ ግን አይሆንም። ድርጅቱ በሚለው መንገድም አያልቅም።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ጥፋት የእነሱ አይደለም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ሊፍቱ፣ አልሙኒየሙ፣ ሴራሚኩ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ ለዚህ ሕንፃ ብለው በተቀበሉን ገንዘብ ሌላ ሳይት መሠረት ማውጣታቸው ነው።

አሁን ደብዳቤ ጽፈዋል። 40 በመቶ ጨምሩ፣ አለዚያ የከፈላችሁትን ውሰዱ ይላል። «ገንዘቤን ልውሰድና ልገላገል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን በ2013 የከፈላችሁት ብር ዛሬ ያኔ የገዛውን አይገዛም። ብሩን መልሰው ሕንፃውን ቢያስቀሩ፣ የሚያተርፉት እነሱ ናቸው።

እንጨምር ወይ? ምናልባት። ግን መጀመሪያ የራሳችን መሐንዲስ ይግባ። ኮንክሪቱን ይፈትሽ፣ የዛገውን ፌሮ ይይ፣ የቀረውን ሥራ ይተምን። ከዚያ በኋላ የሚከፈል ሳንቲም ካለ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። ሥራው መሠራቱን መሐንዲሱ ሲፈርም ብቻ ይለቀቅ። በ2017 የወጣው የሪል ስቴት አዋጅ ዝግ ሒሳብ ያመጣው እንደኛ ያሉ ሰዎች ስለተቃጠሉ ነው።

ቅንጦቱንም እንተወው። ጂሙ ይቅር፣ እብነ በረዱ ይቅር። 11ኛ ፎቅ የገዙ አንዲት እናታችን ገንዳው ይቀራል ስላቸው ሳቁ። «እኔ መቼ ዋኝቼ ነው፤ ሊፍቱን ብቻ አደራ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሊፍት፣ ውኃና መብራት ላይ አንደራደርም።

ፍርድ ቤትስ? በሩ ክፍት ነው፣ ጠበቃም አነጋግረናል። ግን የአክሰስ ሪል ስቴትን ነገር ታስታውሳላችሁ። ከ2,000 በላይ ገዢዎች ከፍለው ቤት ሳይረከቡ ስንት ዓመት ተንከራተቱ! ክሱን በእጃችን ይዘን እንደራደር ነው የምለው።

አንድ ነገር አደራ፤ ለየብቻ አትፈርሙ። የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ 370/1995፣ የባለቤቶች ማኅበር የሚያውቀው ሕንፃው ሲመዘገብ ነው። ዛሬ በሕግ ፊት እያንዳንዳችን በየግል ውላችን የቆምን ሰዎች ነን። ሽያጭ ክፍሉ «ለእርስዎ ብቻ ቅናሽ አለ» እያለ አንድ በአንድ የሚደውለው ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ለእኔም ደውለው ነበር። ቡና ጋበዙኝ፣ ጠጣሁ፣ አልፈረምኩም። እናንተም ቡናውን ጠጡ።

በጋራ እንድንደራደር፣ ውጭ አገር ያላችሁ ውክልናችሁን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አስረጋግጣችሁ ላኩልን። እዚህ ያላችሁ ቅጹን በር ላይ ካለችው እህታችን ትወስዳላችሁ። የውሉን ኮፒ ያልያዘ ሰኞ ያምጣ።

አሁን ወደ ጥያቄ እንግባ። ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው እጅ አውጥተዋል፤ ይቀጥሉ።